ቤቱን ማን ይሽጥልሽ?

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የጀሞውን ቤት ሸጠሽ ባሕር ዳር ላይ የራስሽን ሥራ ለመጀመር መወሰንሽን ወድጄዋለሁ። ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። በቴሌግራም ያገኘሽው ደላላ «ውክልናውን በስሜ ላኪልኝ፣ አንቺ ከዱባይ ሳትነቃነቂ እሸጥልሻለሁ» ማለቱን ከነገርሽኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በስልክ ስንነጋገር የሥራ ሰዓትሽ ደርሶ ነገሩን በእንጥልጥል ስለተውነው፣ የማስበውን ሁሉ በጽሑፍ ላድርስሽ ብዬ ነው የተቀመጥሁት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ደላላን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ሰፊ ግቢ ያለው ነባር ይዞታ ለሚሸጥ ሰው ጥሩ ደላላ ማለት ትልቅ ሀብት ነው። እንዲህ ያለ ቤት አምሳያ የለውም። የአንዱ ወሰን ከጎረቤት ጋር ያከራክራል፣ የሌላው አጥር በመንገድ ማስፋፊያ ይነካል፣ የሦስተኛው ካርታ ላይ ያለው ስፋት መሬት ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ዋጋውን የሚያውቀው በአካባቢው ብዙ ሲሸጥና ሲገዛ የከረመ ሰው ብቻ ነው። ያን መጠን ያለው ቦታ የሚፈልገው ነጋዴ ማን እንደሆነም የሚያውቀው እሱ ነው። ለእንዲህ ያለው እውቀት ቢከፈል አይቆጭም።

የአንቺ ግን ኮንዶሚኒየም ነው። ከላይሽም ከታችሽም ያሉት ባለሁለት መኝታ ቤቶች ከአንቺው ጋር አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ወለሉ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ውስጥ ማየቱ፣ ውኃ በየስንት ቀኑ እንደሚወጣና ሴራሚኩና የማብሰያ ቤቱ ቁምሳጥን መሠራት አለመሠራቱ ነው። በዚያ ብሎክ ባለፉት ወራት ቤት የሸጠ ሰው ካለ፣ በስንት እንደሸጠ የደረጃው ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ደላላው የሚያስከፍልሽ ዋናው እውቀቱ የዋጋ እውቀት ከሆነ፣ ያ እውቀት የጎረቤቶችሽ በር ላይ በነጻ አለ። አንቺ የጎደለሽ እዚህ ሆኖ በሩን የሚከፍት፣ ሰው የሚያነጋግርና ወረቀት ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚሄድ ሰው ነው። ያንን ደግሞ እኔ አደርገዋለሁ። ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፣ ወንድምሽም ቅዳሜና እሑድ ነጻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችንን ይዤ ወደ ጀሞ ሄጄ ነበር። ደላሎቹ ከግቢው በር አጠገብ ዣንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንደኛው ሁለት ስልክና ጥግ ጥጉ የተበላ ደብተር ይዞ፣ ደብተሩ ላይ የብሎክና የቤት ቁጥሮች በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተደርድረዋል። ጎረቤታችን ቀድማ ገብታ እንደ ገዢ ስትጠይቀው «ሁለት መኝታ ከ6 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር በታች የሚባል ነገር የለም፣ ነገ ደግሞ ይጨምራል» አላት። እኔ ቆየት ብዬ እንደ ሻጭ ስቀርበው ያው ሰውዬ «እማማ፣ ገበያው ቀዝቅዟል፤ 5 ሚሊዮን 500 ሺህ ካገኙ ሳያመነቱ ይሽጡ» አለኝ። ሰውዬው ክፉ አይመስለኝም። ሥራው ሁለቱን ሰዎች አቀራርቦ ማገናኘት ስለሆነ ገዢውን ወደ ላይ፣ ሻጩን ወደ ታች ይገፋል። ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን ስለሚቀበል የሚሠራው ለአንቺም ለገዢውም ሳይሆን ለሽያጩ መፈጸም ነው። ይህን ካወቅሽ የሚልሽን ሁሉ በልኩ ትሰሚዋለሽ።

እስኪ ሒሳቡን አብረን እናስላው። የተለመደው ድርሻ ከሻጭ 2 በመቶ፣ ከገዢም 2 በመቶ ነው። ቤትሽ በ5 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ቢሸጥ ከአንቺ ብቻ 116 ሺህ ብር ያገኛል። ወትውቶሽ በ5 ሚሊዮን 500 ሺህ ብትሸጪ ደግሞ 110 ሺህ ብር ይደርሰዋል። አንቺ 300 ሺህ ብር ስታጪ ከእሱ የሚጎድለው ከአንቺም ከገዢውም 6 ሺህ፣ በድምሩ 12 ሺህ ብር ብቻ ነው። ለ12 ሺህ ብር ብሎ ሁለት ወር ገዢ የሚያፈላልግልሽ ደላላ የት ይገኛል? ዛሬ ጨርሶ ነገ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ነው የሚያዋጣው። «ለአንቺ ንጹህ ስንት ይድረስሽ?» ብሎ የሚጠይቅሽ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የነገርሽውን ቁጥር ይዞ ከዚያ በላይ የሚያገኘውን ሁሉ ኪሱ ይከታል፤ ገዢው በስንት እንደገዛ አንቺ አታውቂም። ይህን ጥያቄ ከጠየቀሽ ንግግሩን እዚያው አቋርጪ።

በራሳችን መሸጥም የራሱ ጣጣ አለው፣ አልደብቅሽም። ደላላ እንደሌለ ያወቀ ገዢ «እንግዲያውስ የደላላውን ድርሻ ቀንሱልኝ» ማለቱ አይቀርም። ለማየት ብቻ የሚመጣም ይበዛል። ገዢ ዘግይቶ ሊመጣም ይችላል። ቢሆንም አንቺ የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም፤ ቤቱን ከተረከብሽ አምስት ዓመት ስላለፈ የሽያጭ ክልከላው አብቅቷል፣ ኪራዩም በየወሩ እየገባ ነው።

ወደ ውክልናው ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2204 መሠረት በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። ቤት ለመሸጥ በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ያ ደላላ የጠየቀሽ ይህንኑ ልዩ ሥልጣን ነው። ሥልጣኑን ከሰጠሽው በፈለገው ዋጋ ለፈለገው ሰው ሊፈርም ይችላል። «ገንዘብ ይቀበልልኝ» የሚል ቃል ካለበት ደግሞ እሱ የተቀበለው በሕግ ፊት አንቺ እንደተቀበልሽው ይቆጠራል። የዘጠኝ ዓመት ላብሽን በፎቶ ብቻ ለምታውቂው ሰው እንዴት ትሰጪዋለሽ? ውክልናው ለወንድምሽ ወይም ለእኔ ይሁን። ውስጡም ቤቱ በብሎክና በቤት ቁጥሩ ይጠቀስ፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ዋጋ ይጻፍበት፣ ገንዘቡም በቀጥታ በአንቺ ስም ወዳለው የባንክ ሒሳብ ብቻ እንዲገባ ይደንግግ። ለእኔም ቢሆን እንደዚያው አድርጊ፤ አይከፋኝም።

ቀብድን በተመለከተ የማውቀው አለ። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ የቤት ሽያጭ ክርክር ያለበት ዶሴ እጄ ገብቶ ስከፍተው፣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የማገኘው ከደብተር ላይ የተቀደደ አንድ ወረቀት ነበር። ቡና ቤት ተቀምጠው የጻፉት የቀብድ ወረቀት ነው። ጸሐፊውም ምስክሩም ደላላው ነው። በኋላ ዋጋ ሲጨምር ወይም ገዢው ሐሳቡን ሲቀይር ሁለቱ ሰዎች ይካሰሳሉ፤ ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል፣ ለምስክርነት ሲጠራም አይገኝም። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተደረበ ቤቱ በእግድ ታስሮ ይከርማል። ሕጉ በቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ስለዚህ ቀብድ ቀላል ነገር ነው ብለሽ «200 ሺህ ብር ተቀብያለሁ፣ እንኳን ደስ አለሽ» በሚል የስልክ መልእክት እንዳትደሰቺ። እኛ የምንቀበለው ገዢው ሰነዶቹን አይቶ ከወሰነ በኋላ፣ የማጠናቀቂያው ቀን በተጻፈበት ውል ብቻ ይሆናል።

ሌላም የሚመክሩሽ ነገር አለ፤ ግብር እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ይሉሻል። አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 በሕንፃ ሽያጭ በሚገኝ ትርፍ ላይ 15 በመቶ ግብር ተደንግጓል፤ የስም ማዛወሪያው የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶም አለ፣ እሱን ገዢው ይከፍላል። የሚከፈለውን ከፍለን እንጨርስ። 5 ሚሊዮን 800 ሺህ የተሸጠ ቤት 3 ሚሊዮን ተብሎ ከተጻፈ፣ ነገ ክርክር ቢነሳ በእጅሽ ያለው ማስረጃ የ3 ሚሊዮን ብቻ ነው።

እኔ ያሰብሁትን ልንገርሽ። መጀመሪያ ለተከራዮችሽ እንነግራቸዋለን። ሁለቱም መምህራን ናቸው፣ ሰፈሩን ለምደውታል፣ ባንክ ብድር ቢፈቅድላቸው የመግዛት ሐሳብ እንዳላቸው ሚስትየዋ ነግራኛለች። ከዚያ ለደረጃው ጎረቤቶች፣ ለእድራችን፣ ለማኅበርተኞቼና ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ አሰማለሁ፤ እኅቱን ወይም ልጁን አጠገቡ ማኖር የሚፈልግ ሰው ከየትኛውም ገዢ የተሻለ ይከፍላል። ወንድምሽ ፎቶ አንሥቶ ማስታወቂያ ያወጣል፤ የሚጻፈው የእኔ ስልክ ብቻ ነው። ቤቱን ማየት የሚፈልግ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ተከራዮቹ ባሉበት፣ ወንድምሽም አብሮ ሆኖ ያያል።

እስከ ጥምቀት ካልተሸጠ ደላላ እንይዛለን፤ በዚህ አልከራከርሽም። የምንይዘው ግን አንድ ብቻ ነው። ለአምስት ደላላ የተሰጠ ቤት በአምስት ዋጋ በየበሩ ሲዞር ይውላል፣ ገዢም የተቸገረ ሻጭ ነው ብሎ ይንቀዋል። ንግድ ፈቃድ ያለው፣ እዚያው ጀሞ የሚሠራ፣ ከዚህ በፊት ያሻሻጣቸውን ሰዎች ሊያገናኘን የሚችል ሰው እመርጣለሁ። ድርሻው 2 በመቶ መሆኑን፣ የሚከፈለውም ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ተፈርሞ ሲፒኦው፣ ማለት በባንክ የተረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ በእጃችን ሲገባ መሆኑን አስፈርመዋለሁ። የሚያመጣቸውን ሰዎች ስም እየመዘገብን እንሄዳለን፤ በኋላ «ያንን ገዢ ያመጣሁት እኔ ነኝ» የሚል ጭቅጭቅ እንዳይነሳ። ቀብድም ሆነ ሰነድ በእጁ አያልፍም፤ የመጨረሻ ዋጋችንንም አንነግረውም።

ከአንቺ የምፈልገው ጥቂት ነው። የባንኩ ብድር ቀሪ ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲወጣ ጠይቂ፤ ዕዳው ሳይዘጋ ወይም ወደ ገዢው ሳይዛወር ስም አይዞርም። ያላገባሽ መሆንሽን የሚያረጋግጥ ማስረጃም ስለሚጠየቅ ከአሁኑ እንጀምረው። የውክልናውን ረቂቅ ቆንስላው ዘንድ ከመሄድሽ በፊት በፎቶ ላኪልኝ፤ ከወንድምሽ ጋር አንብበን የሚስተካከለውን እንነግርሻለን። ከተረጋገጠ በኋላ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ የሚያልፈውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ለዚያ ሰውዬ ግን የመታወቂያሽንም የካርታሽንም ቅጂ እንዳትልኪለት፤ ልከሽለት ከሆነም ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪኝ።

ራስሽን ጠብቂ፣ በደንብ ብዪ።

የምትወድሽ እናትሽ