ገናችንን ስፒከር ዋጠው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። የስፖርት ገጻችሁን ሳላነብ አልውልም ግን ከአርሴናልና ከማንችስተር ሌላ ጨዋታ የለም እንዴ? እኔ ሰሞኑን ቤዝቦል ይዞኛል። አትሳቁ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ቪዲዮ ይልክልኛል፣ ሕጉ አሁንም በደንብ አልገባኝም፣ የያዘኝ ዘፈኑ ነው።

መቺው ዱላውን ይዞ ሲገባ ራሱ የመረጠው ዘፈን ይለቀቅለታል፣ በቃ ፉከራ በሉት፣ የኛ ሰው ራሱ ይፎክራል እነሱ ያስፎክራሉ። የኒውዮርክ ያንኪስ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ማሪያኖ ሪቬራ ደሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ መጨረሻ ላይ ጨዋታውን ሊጨርስ ሲገባ አንድ የሮክ ጊታር ይጮህለት ነበር፣ ሕዝቡ ጊታሩን ሲሰማ ነው ብድግ የሚለው፣ የሚገርመው ዘፈኑን የመረጡለት የስታዲየሙ ሰዎች ናቸው። ሰባተኛው ዙር ላይ ደሞ ሽማግሌ ሕፃን ሳይል ሁሉም ተነስቶ በ1908 የወጣች ዘፈን አብሮ ይዘፍናል።

ራዲዮው ይብሳል። በ1930ዎቹ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ፣ በቴሌግራፍ የሚመጣለትን ቁራጭ ወረቀት እያየ፣ ጨዋታውን በዓይኑ እንደሚያይ አድርጎ ያስተላልፍ ነበር። አንድ ቀን የቴሌግራፉ መስመር ተቋረጠበት፣ ምን ይበል? መቺው ኳሷን ከሜዳው መስመር ውጭ እየደጋገመ መታት አለ፣ መስመሩ እስኪመለስ ለደቂቃዎች ያንኑ። ግጥም ጠፍቶበት አዝማቹን የሚደጋግም አዝማሪ ማለት እኮ ነው።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ባለፈው ገና ሰፈራችን ሜዳ ላይ ስፒከር ተተከለ፣ ከጠዋት ጀምሮ የክለብ ዘፈን። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እየተባለ የላይ ሰፈር የታች ሰፈርን የሚሰድበው በዜማ ነበር፣ እንደውም ግማሹ ሰው የሚመጣው ስድቡን ሊሰማ ነው። አንድ አባት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አሲና በል ብለው ሲያወጡ ከጎናቸው የቆመው ልጅ እንኳ አልተቀበላቸውም፣ አልሰማቸውማ! ሁለቴ ሞከሩ፣ ከዛ ዱላቸውን ተደግፈው ዝም አሉ። ሩሯ፣ የገና ኳሷ፣ ስፒከሩ ስር ስትገባ እኔ ደስ አለኝ፣ ይቅር ይበለኝ።

ቴክኖሎጂ አልጠላም፣ ስፒከሩም ይኑር፣ ግን ማይኩን ለሳቸው ቢሰጧቸው ምን ነበረበት? ዘንድሮ ለገና ጋዜጠኛ ላኩልን፣ መቅረጫ ይዞ ይምጣ፣ ማደሪያውና ጠላው እኛ ጋ ነው።