ሲጥለው ሰዓትዎን ይመልከቱ

ሐዋሳ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። በስልክ ስንነጋገር ግማሹ ስለማይሰማዎት፣ ስለ ውሻችን ስለ መከታ ሕመም ልነግርዎት የምፈልገውን ሁሉ ተረጋግተው እንዲያነቡት በጽሑፍ ማድረግን መረጥሁ። መዝገብ ቤት 31 ዓመት የሠራ ሰው በወረቀት የሰፈረን ነገር ይበልጥ እንደሚያምን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ማክሰኞ ሌሊት መከታን ሁለት ጊዜ እንደጣለው የሰማሁት ከእርስዎ ሳይሆን ትናንት ከጎረቤታችን ነው። እርስዎም ሽንቱ ባረጠበው ሲሚንቶ ላይ አንሸራትቶዎት በጉልበትዎ እንደወደቁ፣ ከዚያም ጋቢዎን ለእርሱ አልብሰው በዚያ ብርድ እስኪነጋ በረንዳው ላይ አብረውት እንደተቀመጡ ነገረችኝ። ከምሠራበት ፋርማሲ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። «እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አባባ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ አለማወቄ ነው። 79 ዓመት የሞላው ሰው በጨለማ ብቻውን 24 ኪሎ የሚመዝን የሚንፈራገጥ ውሻ ይዞ ሲታገል ማሰቡ ከሁሉ ይከብደኛል።

ለጥምቀት መጥቼ ሳለሁ በቃና ዘገሊላ ሌሊት ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ መጀመሪያ የሰማሁት የጥፍሮቹን ድምፅ ነበር፤ አራቱም እግሮቹ ሲሚንቶውን ሲቧጥጡት ሰው በችኮላ የድስት ቂጥ የሚፍቅ ይመስል ነበር። መብራት አብርተን ስንወጣ በጎኑ ተጋድሞ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተለምጦ፣ መንጋጋው እየተንቀጫቀጨ አረፋ ይደፍቃል፤ ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፣ ነገር ግን አያዩም። እርስዎ ምላሱን ይውጠዋል ብለው ፈርተው ጣትዎን በጥርሶቹ መካከል አስገቡ፤ ጎረቤታችን ክብሪት ጭራ አፍንጫው ሥር አደረገች፤ እኔ ደግሞ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆሜ ቀረሁ። ዓይኔ የግድግዳውን ሰዓት ያየው እንዲያው በአጋጣሚ ነበር፤ አንድ ሰዓት የፈጀ የመሰለኝ ነገር ለካ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከዚያ በኋላ ተንገዳግዶ ተነሣ፣ ከረከቦቱ ጋር ተጋጨ፣ ስሙን ቢጠሩት እንደ እንግዳ ሰው አጉረመረመብዎት። እናቴ ገና ቡችላ ሳለ ከጡት አስጥላ ያመጣችውና ስሙን ያወጣችለት ውሻ እርስዎን አለማወቁ ከመውደቁ ይልቅ ልብዎን እንደሰበረው ፊትዎ ላይ አየሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምለምንዎት ይህን ነው፤ ሲጥለው አይያዙት፣ ሰዓትዎን ይመልከቱ። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶች ነው፤ በዚያች ሰዓት ብዙዎቹ ባንድ ጊዜ ያለ ሥርዓት ስለሚነሡ ሰውነቱ ከራሱ ቁጥጥር ውጭ ይሆናል፤ በጉልበት መያዝም አያስቆመውም። ውሻ ምላሱን አይውጥም። መንጋጋው የሚገጥመው ሳያውቀው ስለሆነ ምንም ያህል ቢወድዎት ይነክስዎታል፤ የጣትዎ ጠባሳ ምስክር ነው። ያን ቀን እንዳደረግነው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና ጤና ጣቢያ መሄድ የተከተበ ውሻ ቢሆንም እንኳ የማይታለፍ ነገር ነው፤ ግን ሁለተኛ ባይደርስብን ይሻላል። ክብሪቱም ይቅር። ጎረቤታችን ለሰው ሲደረግ ያየችውን በደግነት ማድረጓ ነው፤ የክብሪት ጭስ ግን የጣለውን አያነቃም፣ እንዲያውም ትንፋሽ ያጠረውን እንስሳ ያፍነዋል፣ ፀጉሩንም ያቃጥላል። ጋቢዎንም አያልብሱት። ጡንቻው ያለ ዕረፍት ሲሠራ ሰውነቱ እንደ እሳት ይግላል፤ የሚያስፈልገው ነፋስ ነው። የእርስዎ ድርሻ ረከቦቱንና ወንበሮቹን ማራቅ፣ ወደ ደረጃው እንዳይንከባለል በጭንቅላቱ በኩል ሳይሆን በጀርባው በኩል ሆነው በትራስ መከለል፣ መብራቱን ዝቅ ማድረግና ደቂቃውን መቁጠር ነው።

ደቂቃውን አጥብቄ የምጠይቅዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ወደ ራሱ ሳይመለስ ደግሞ ከጣለው፣ አንጎሉን ሊጎዳውና ሊገድለው ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ለእንስሳት ሐኪሙ ይደወላል። ለዚሁ ጊዜ ብሎ ሐኪሙ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለክቶ ያስቀመጠልን ዳያዜፓም የሚባል ማስቆሚያ መድኃኒት አለ፤ በፊንጢጣው እንጂ በአፉ አይሰጥም። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ መውደቅም ራሱን የቻለ የአደጋ ምልክት ነው። የማክሰኞው ሌሊት እንግዲህ ይህ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እኔው ለሐኪሙ ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ ነገ ከሰዓት በኋላ ቤት ድረስ መጥቶ ያየዋል።

በሰፈሩ «ውሻው አብዷል፣ ሰው ሳይነክስ ይገደል» የሚሉ እንዳሉም ሰምቻለሁ። ፍርሃታቸውን አልንቅም፤ የእብድ ውሻ በሽታ በሀገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያ በሽታ የያዘው ውሻ ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል፤ የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ የሚጠበቀውም ስለዚህ ነው። መከታን መጀመሪያ የጣለው ኅዳር ውስጥ ነው፤ ሦስት ወር አልፎታል፤ በየመካከሉም ይበላል፣ ጭራውን ይቆላል፣ የበሩን መጥሪያ ሲሰማ ይነሣል። በየዓመቱ የተከተበበት ካርድ በቁምሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለሚጠይቅዎት ሁሉ አውጥተው ያሳዩ።

ከምን መጣ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ውሻ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜው ሲጀምረው ብዙ ጊዜ በዘር የሚወርድ ነው፤ እንደ መከታ በ12 ዓመቱ ሲጀምረው ግን ሌላ ነገር ይፈለጋል፤ የስኳር ማነስ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ድካም፣ መርዝ፣ ወይም በአንጎል ውስጥ የበቀለ ዕጢ። የደሙ ምርመራ ስኳሩና ኩላሊቱ ደህና መሆናቸውን አሳይቷል፤ አንድ ጊዜ የበላው መርዝ ቢሆን ኖሮም ሦስት ወር ሙሉ እየተመላለሰ ይጥለው ነበር ማለት ያስቸግራል። ዕጢው ግን በደም አይታይም፤ ሐኪሙም አይደለም ብሎ ሊያረጋግጥልን አልቻለም። ይህን ከእርስዎ ልደብቅ አልፈልግም፣ እርስዎም የማክሰኞውን ሌሊት ከእኔ ባይደብቁኝ እወድ ነበርና።

አሁን ደግሞ ሐኪሙ ስላዘዘለት ክኒን ልንገርዎት። ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለሰው የሚጥል በሽታ ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው፤ እኔም ከገጠር ለሚመጡ እናቶች ለልጆቻቸው ይህንኑ አስረክባለሁ። ለመከታ ክብደት የተሰላለት ባለ 30 ሚሊ ግራሙ ሁለት ሁለት ክኒን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ጎረቤታችን እንደነገረችኝ፣ እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ አይተው ስላዘኑለት ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አንድ አንድ አድርገውለታል። አባባ፣ ልወቅስዎት አይደለም፤ እዚህ ያሉትም እናቶች ልጃቸው ሲፈዝባቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተደላድሎ ልኩን እስኪይዝ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ መንገዳገዱና እንቅልፉም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በርትቶ ኋላ የሚቀል ነው። በድንገት መቀነስ ወይም ማቋረጥ ደግሞ ራሱ ሊጥለው ይችላል። የማክሰኞው ከዚህ የመጣ ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት መናገር ባልችልም፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ወደ ሁለት ሁለት እንዲመልሱት ሐኪሙ አዝዟል። ደንዝዞ መነሣት ካቃተው ይደውሉልኝ፤ መጠኑን የሚቀንሰው ግን ሐኪሙ ብቻ ነው። ክኒኑ ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው ይንገሩኝ፣ እኔ ማዘዣውን ከሐኪሙ ጋር እጨርሰዋለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር አለ። የእርስዎ የደም ግፊት ክኒንና የእርሱ ክኒን ሁለቱም ትንንሽና ነጭ ናቸው። ባለፈው ስመጣ ሁለቱንም ባንድ የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ። የእርሱን እባክዎ ዛሬውኑ ወደ በረንዳው መደርደሪያ ያውጡት፤ መነጽርዎን ሳያደርጉም አንዱንም አይውሰዱ።

ውሃ አብዝቶ ቢጠጣና ቢሸና፣ እንደ ረሃብተኛም ምግብ ቢፈልግ አይደንግጡ፤ መድኃኒቱ ነው። ሰኞ ጾም ስለሚገባ ክኒኑን የሚደብቁበት የጉበት ቁራጭ ከቤት አይገኝ ይሆናል፤ የዳቦውን ልብ ድቡልቡል አድርገው በመካከሉ ቢያስገቡት ይውጠዋል፣ ሞክሬዋለሁ። ከዋጠ በኋላ ግን ጉንጩን ገልጠው ይዩ፣ በጥርሱና በከንፈሩ መካከል ደብቆ የመትፋት ብልሃት አለው። እንዲህ ሲያደርግ እናቴ «ይሄ ጠበቃ ነው» ትለው ነበር።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ባለ መስመር ደብተር ልኬልዎታለሁ። ቀኑን፣ የጀመረበትን ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ከዚያ በፊት ምን ያደርግ እንደነበረና ወደ ራሱ ለመመለስ ምን ያህል እንደፈጀበት በዚያ በሚያምረው የእጅ ጽሕፈትዎ ይመዝግቡልኝ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ሠራ አልሠራም የሚለው በዚህ ነው። ከጣለው በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ዓይኑ ላያይ፣ እርስዎንም ላያውቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ በሩን ዘግተው በድምፅዎ ብቻ ያረጋጉት፤ እርሱ ራሱ ወደ እርስዎ እስኪመጣ አይንኩት። ማክሰኞ እንዳንሸራተተዎት ዳግመኛ እንዳያንሸራትትዎ ደግሞ በረንዳው ላይ ጆንያ እንዲያነጥፍ ለተከራዩ ልጅ ነግሬዋለሁ።

«ይሰቃይ ይሆን?» ብለው የጠየቁኝን ጥያቄ ሳልመልስልዎት ቀርቻለሁ። ሲጥለው ራሱን ስለማያውቅ ሕመሙ አይሰማውም፤ የምንሰቃየው የምናየው እኛ ነን። ነገር ግን መድኃኒቱ እየተሰጠው በየቀኑ የሚጥለው ከሆነ፣ ወይም በመካከሉ ወደ ራሱ መመለሱን ካቆመ፣ መብላትና መነሣት ከተወ፣ ያን ጊዜ በሐኪም መርፌ አንቀላፍቶ እንዲያርፍ ማድረግ ክፋት አይመስለኝም። በጎረቤት ምክር፣ በተመረዘ ሥጋ ግን በፍጹም አይሆንም። ዛሬ ከዚያ አልደረስንም ብዬ አምናለሁ፤ ትናንት ቆሻሻ የሚወስደውን ጋሪ እስከ በር ሸኝቷል ብላ ጎረቤታችን ነግራኛለች። ቀኑ ከደረሰም ውሳኔው የሁለታችን ነው፤ ጭንቅላቱን የሚይዙት እርስዎ ቢሆኑ እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ።

ቅዳሜ መጋቢት 6 ቀን እመጣለሁ። ጉበቱን የሚያሳየውን የደም ምርመራ እኔው ወስጄ አስደርግለታለሁ፤ የእርስዎንም ጉልበት ሐኪም ሳያየው አልመለስም። እሑድ ማታ ስደውል ደብተሩን አጠገብዎ አድርገው ይጠብቁኝ፤ ምንም ባይጥለውም እንኳ «አልጣለውም» ብለው የጻፉትን ያንብቡልኝ። ከግራ ጆሮው ሥር፣ እናቴ ታክለት ከነበረው ቦታ፣ እከኩልኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ