ሽንኩርቱ ነው አልኩት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ደሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ ፊልም ሳይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ ወንድ ያለቅሳል እንዴ?» አለኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኩት። ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም!

እኛ ወሎዬዎች ለቅሶ ቤት ስቅስቅ ብለን ብናለቅስ ማንም አይስቅብንም። አምባሰል በማሲንቆ ሲንቆረቆርም ዓይናችን ይረጥባል። ፊልም ላይ ሲሆን ነውሩ ከየት መጣ?

የወሎን ረሃብ ያሳየው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያኔ አዲስ አበባ የነበረው አባቴ ፊልሙን አይቶ አልቅሷል። ያን ሲያወራ አንድም ቀን አላፈረም። እኔ ነኝ በሽንኩርት ያሳበብኩት።

ከደሴ፣ አንድ አባት