የሰመጠ መርከብ ውስጥ ለመግባት የአራት ቀን ኮርስ አይበቃም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው የእህቴ ልጅ ከዱባይ ደወለልኝና ጋሼ የዳይቪንግ (አየር ተሸክሞ ባህር ውስጥ የመጥለቅ) ኮርሴን ጨረስኩ፣ ለእረፍት ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ሄጄ ቲስልጎርም ውስጥ ልገባ ነው አለኝ። ደነገጥኩ።

ቲስልጎርም በ1941 እ.ኤ.አ. በጀርመን አውሮፕላን ተመቶ ቀይ ባህር ውስጥ የሰመጠ የእንግሊዝ እቃ ጫኝ መርከብ ነው፣ ሞተር ሳይክሉ የጭነት መኪናው እስካሁን ሆዱ ውስጥ አለ፣ ቢያጓጓው አልፈርድበትም። ግን መርከቡ ያረፈው 30 ሜትር ላይ ነው፣ ልጁ ኮርሱን ሲጨርስ ያገኘው ካርድ ደግሞ የሚፈቅድለት እስከ 18 ሜትር ነው፣ ያውም ከላዩ ክፍት በሆነ ውሃ።

እኔም እንደሱ ነበርኩ። የመጀመሪያ ጊዜ መርከብ ውስጥ ስገባ አስጎብኚው ያለምንም ገመድ ይዞን ገባ፣ ከፊቴ ያለው ሰውዬ በፊኑ (እግር ላይ በሚጠለቀው መዋኛ) ወለሉን አንዴ ሲመታው ደለሉ ተነሳና የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ፣ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው የወጣሁት፣ በጋኑ 200 ባር አየር ይዤ ገብቼ ስወጣ የቀረኝ 30 ነበር። ሰው ባህር ሲባል ሻርክ ነው የሚፈራው፣ እዛ ውስጥ የሚገድለው ግን መውጫው ጠፍቶህ አየርህ ሲያልቅ ነው፣ ከላይህ ብረት ስላለ ቀጥ ብለህ መውጣት የለም። 30 ሜትር ላይ አየሩ ከላይ ካለው በአራት እጥፍ ነው የሚያልቀው፣ አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም እንደ መጠጥ ጭንቅላት ላይ መውጣት ይጀምራል።

ለዚህ ነው የሬክ (የሰመጠ መርከብ) ስልጠና የሚባለው ከደጅ ጀምሮ ገመድ እያሰሩ መግባትን፣ ዓይን ተሸፍኖ ገመዱን እየዳበሱ መውጣትን፣ አየሩን ሶስት ቦታ ከፍሎ አንዱን ለመግቢያ አንዱን ለመውጫ ሶስተኛውን ለክፉ ቀን ማስቀመጥን የሚያስተምረው።

ልምድ ያለውም ይሞታል እኮ። በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከኒው ጀርሲ ወጣ ብሎ 70 ሜትር ገደማ ላይ በተኛ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ አባትና ልጅ አልቀዋል። ልጁ ውስጥ እቃ ተደርምሶበት ተያዘ፣ አባት ሊያወጣው ገባ፣ አወጣውም፣ ግን እየቆሙ ቀስ በቀስ መውጣት ሲገባቸው በአንዴ ስለወጡ ደማቸው ውስጥ ያለው ጋዝ ሁለቱንም ገደላቸው። በዛ ጥልቀት የሚተነፍሱት ጭንቅላት ላይ እንዳይወጣ ሂሊየም የተቀላቀለበት ሳይሆን ተራ አየር ነበር። እኔም አባት ነኝ፣ ይሄን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል።

እባካችሁ ይሄን አውጡልኝ፣ አረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ያንብቡት፣ አስጎብኚው ውስጥ እንግባ ሲላቸው ገመድህ የታለ ብለው ይጠይቁት። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ አድቫንስዱን (ቀጣዩን ደረጃ) ከዛ የሬኩን ኮርስ ሊወስድ ተስማምቷል፣ ሲጨርስ አብረን እንሄዳለን፣ የገመዱን ሪል (መጠቅለያ) እኔ ነኝ የምገዛለት።

አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂንያ