ስልኩን አንሳው

ልጄ እንደምን አለህልኝ? በስልክ ብነግርህ "እሺ እማ እሺ" ብለህ ስለምትዘጋብኝ ነው የጻፍኩልህ። ሲጋራ ለማቆም በስልክ የሚያማክሩት ሰዎች ጋ ተመዝግበህ ሲደውሉልህ አታነሳም አሉ፣ እህትህ ናት የነገረችኝ (እሷን እንዳትቆጣት፣ እኔ ነኝ አፋጥጬ የጠየቅኳት)።

ስለ ሳንባ አላወራህም፣ እሱን ፓኬቱ ላይም ታነበዋለህ። ያንተን ለየት የሚያደርገው ስኳሩ ነው። ሲጋራው ውስጥ ያለው ኒኮቲን ሰውነትህ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን በደንብ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ እየወሰድክ ስኳርህ አልወርድ የሚለው አንዱም በሱ ሊሆን ይችላል። ደም ስርን ደግሞ ስኳሩም ሲጋራውም ስለሚጎዱት እግር ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ትላለች፣ አይንና ኩላሊትም እንደዛው። እግሬን ደነዘዘኝ ያልከኝን የረሳሁት እንዳይመስልህ።

ሰዎቹ እኮ አይቆጡም። ለኔ "ቀንሻለሁ" ትለኛለህ፣ እውነት ለመናገር አላምንህም፣ ለማታውቀው ሰው ግን ምን ብለህ ትዋሻለህ? መቼ መቼ እንደሚያምርህ ይጠይቁሃል፣ ገና ስትነሳ ነው፣ ስራ ላይ ስትናደድ ነው፣ ከማን ጋር ስትሆን ነው፣ ከዛ የምታቆምበትን ቀን አብራችሁ ትቆርጣላችሁ፣ ቆዳ ላይ ስለሚለጠፈው የኒኮቲን ፓችና ስለ ኒኮቲን ማስቲካውም ያስረዱሃል። ካቆምክ በኋላም ራሳቸው መልሰው ይደውላሉ፣ ብዙ ሰው ተመልሶ የሚያጨሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ስለሆነ።

ብቻ ገና ስታነሳው ስኳር እንዳለብህ ንገራቸው። ሲጋራ ስታቆም ትነጫነጫለህ፣ ይርብሃል፣ ሃሳብህ አልሰበሰብ ይላል፣ ስኳር ሲወርድብህም ያው ነው፣ በስሜት ብቻ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ስለዚህ እንደዛ ሲሰማህ ሱሱ ነው ብለህ አትለፈው፣ ጣትህን ወጋ አድርገህ ለካ፣ መለኪያው ከ70 በታች ካሳየህ የወረደው ስኳርህ ነው፣ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ውሰድ። ካቆምክ በኋላ ኢንሱሊኑ የተሻለ ሊሰራ ስለሚችል መጠኑ መስተካከል ይኖርበት ይሆናል፣ አስቀድመህ ሐኪምህን አማክር፣ በራስህ ግን እንዳትነካካው። "እወፍራለሁ፣ ስኳሬ ይብሳል" ያልከውንም ለሱ ንገረው፣ ትንሽ ክብደት መጨመር ያለ ነገር ነው፣ ሲጋራው ግን ከሱ የባሰ ነው የሚጎዳህ።

ነገ ከሰዓት ነው አሉ የሚደውሉልህ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ እንዳትል። እኔ በዛ ሰዓት አልደውልም፣ መስመሩን እንዳልይዝብህ።

እናትህ