ለወረቀትሽ ከሐዋሳ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽው መድኃኒትም ደርሶኛል።

ስለምትጽፊው ወረቀት በስልክ ስናወራ «ግሎባላይዜሽን፣ ይኼ የዓለም ገበያ መተሳሰር፣ ሉዓላዊነታችንን በላው» አልሽኝ። ይሁን፤ ግን እንዲበላው ማን አቀረበለት? እሱንም ጻፊው።

ግቢያችን የነበሩትን ተከራዮች ታስታውሻለሽ። አንዲት ክፍል ለአራት ይዘው፣ የፋብሪካ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሽሮ የሚጥዱት። ሸሚዝ ይሰፋሉ፣ ሸሚዙ አሜሪካ ይሄዳል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ሪፖርት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። «ጉልበታችን ርካሽ ነው» ብለን ባለሀብት የጠራነው እኛው ነን። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረንም። ሕጉን እንዳናወጣ የከለከለን ፈረንጅ ግን የለም።

ሸሚዙ አሜሪካ ያለቀረጥ የሚገባው አጎዋ በሚባለው ዕድል ነበር። ብዙ ሰው አጎዋ የሁለት አገር ውል ይመስለዋል። አይደለም፤ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለቀረጥ እንዲገባ በ1992 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። እኛ አልፈረምንበትም። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን በየዓመቱ የሚወስነው የእነሱ ፕሬዚዳንት ነው። በሰሜኑ ጦርነት በተፈጸመው ግፍ ሰበብ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አስወጡን። የቶሚ ሂልፊገር ልብስ ባለቤት የሆነው የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች እንዲያውም ቀኑን አልጠበቀም፤ ኅዳር ላይ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

በጦርነቱ ግፍ አልተሠራም አልልም። ግን ጦር ያዘዘ ሰው በዚህ ምክንያት ከሥራው ሲባረር አላየሁም። ዕቃቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው የወጡት የእኔ ተከራዮች ናቸው።

ፋብሪካዎቹ ያሉበት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ በ2007 ከሸጥነው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ፣ ማለት ለውጭ አበዳሪ ከሚሸጥ የመንግሥት የዕዳ ሰነድ፣ ገንዘብ የገባበት ነው። ሸሚዝ ገዢው ሲሄድ ዕዳው ቀረ። በታኅሣሥ 2016 የቦንዱን ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳንከፍል ቀረን። ከዚያ አበዳሪ ፊት ቁጭ ብሎ መለማመጥ ሆነ።

በራችንን እንዝጋ ማለቴ አይደለም። ፓርኩ ባይኖር ልጆቹ ያቺን 26 ዶላርም አያገኟትም ነበር። እኔን የሚያበግነኝ አንድ ሸሚዝ ገዢና አንድ የሰው አገር ሕግ ላይ ተንጠልጥለን «ሉዓላዊ ነን» እያልን መፎከራችን ነው።

ከልጆቹ አንዷ እዚሁ ቀርታ መናኸሪያው ጋ ጀበና ቡና ትሸጣለች። ለፋሲካ ስትመጪ አነጋግሪያት። ስለ ፈረቃው፣ ስለ ደመወዝ ቅጣቱ፣ ስለተቀነሱበት ቀን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ወረቀትሽን ከዚያ በፊት የምታስረክቢ ከሆነ ደግሞ ንገሪኝ፣ በስልክ አገናኝሻለሁ።

እናትሽ