መልሕቁ ለምን ወደ መጋረጃው ገባ?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ወደ ዘጌ በምትሻገረው ጀልባ ልኬዋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

በእማዬ አርባ ማግስት የጠየቁኝ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ዕብራውያን ምዕራፍ 6ን ሳነብልዎ ቁጥር 19 ላይ አስቆሙኝ። ተስፋ "እንደ ነፍስ መልሕቅ" ነው ይላል። ወዲያው ደግሞ ወደ መጋረጃው ውስጥ የገባ ነው ይላል። "መልሕቅ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ወደ መጋረጃ ምን አስገባው? ሰውየው ውሃ ላይ ወጥቶ አያውቅም?" አሉኝ። እኔም "ምሳሌ ነው እኮ አባዬ" ብዬ አለፍኩት። እርስዎ ዝም አሉ። መልሱ እንዳልዋጠልዎ ገብቶኛል።

እውነትዎን ነው፤ "ምሳሌ ነው" መልስ አይሆንም። የቅኔ አገር ሰዎች ሆነን ሰሙን ሳናይ ወርቁን እንዴት እናገኛለን? ስለዚህ ከሰሙ ጀመርኩ።

ሰሙን ደግሞ የማውቀው ከእርስዎ ነው። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቡናና ማገዶ በታንኳ ጭነን ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ መንገድ ላይ ነፋስ ተነሳ። ገመድ የታሰረበትን ድንጋይ አንስተው ወደ ውሃው ለቀቁት። እኔ ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ፈለግሁት። ውሃው ድፍርስ ነው፤ ከአንድ ክንድ በታች ምንም አይታይም። "ድንጋዩ የታለ?" ብዬ አለቀስኩ። "አይታይም፤ ገመዱን ንኪው" አሉኝ። በአንድ ጣቴ ነካሁት። ገመዱ ተወጥሯል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ ያንጠባጥባል። "ይዟል" አሉኝና መቅዘፊያውን ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አላለቀስኩም።

አሁን ወደ ጸሐፊው ልመለስ። ውሃ የሚያውቅ ሰው ነው አባዬ። እዚያው መልእክት ውስጥ፣ ምዕራፍ 2 ቁጥር 1 ላይ፣ ከሰማነው ነገር "እንዳንወሰድ" ብሎ ያስጠነቅቃል። የግሪኩም ቃል ፈስሶ ማለፍን የሚናገር ነው። መወሰድን ደግሞ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ውሃው የተኛ ይመስላል። ሰው ወሬ ይዞ ቆይቶ ቀና ሲል ዳሩ የለም። ልሂድ ብሎ የሄደ ሰው የለም እኮ፤ ዝም ብሎ ነው የሚወሰደው። እንግዲህ በምዕራፍ 2 የፈራውን ነገር ነው በምዕራፍ 6 በመልሕቅ የሚያስረው። በሐዋርያት ሥራ 27 ላይም የጳውሎስን መርከብ ያስታውሱ፤ 276 ነፍስ ይዛ፣ በሌሊት 4 መልሕቅ ጥለው ንጋትን ሲመኙ።

መጋረጃው ላይ ግን ብዙ ቀን ቆየሁ።

በኦሪቱ ድንኳን ከመጋረጃው ወዲያ ቅድስተ ቅዱሳን ነበረች፤ ሊቀ ካህናቱ ብቻ በዓመት አንድ ጊዜ ይገባባታል። ለእርስዎ ግን ይህን ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከልጅነትዎ ጀምሮ ከመጋረጃው ውጭ ቆመው አስቀድሰዋል። አንድም ቀን ወደ ውስጥ አልገቡም። ዕጣኑ ሲወጣ፣ የካህኑ ድምፅ ሲሰማ ግን እዚያ ውስጥ ማን እንዳለ ጠርጥረው አያውቁም። ቁጥር 20ም ኢየሱስ ስለ እኛ "ቀዳሚ ሆኖ" ወደዚያ ገባ ይላል።

ስለዚህ ጸሐፊው ተሳስቶ አይመስለኝም፤ ሆን ብሎ ነው ምሳሌውን የሰበረው። የእኛ ድንጋይ የሚይዘን ባለንበት ነው። ይኼኛው ግን ልንደርስበት ካሰብንበት ቦታ ሆኖ ነው የሚይዘን። ስለዚህ ወደ ታች ሊወርድ አይችልም። ሊቃውንቱ "አንድም" እያሉ ሌላ ይጨምሩበት ይሆናል። እኔ የደረስኩት እዚህ ነው።

ሮም ውስጥ ከመሬት በታች ባሉት የጥንት ክርስቲያኖች መቃብሮች ላይ መልሕቅ ተቀርጾ ይገኛል። ይህን ሳነብ የእማዬ መቃብር ትዝ አለኝ። ያን ቀን ማታ "እሷ ከሄደች ወዲህ የያዘኝ ነገር የለም" ብለውኝ ነበር። መልስ አጣሁና ቡና ላፈላ ተነሳሁ። አባዬ፣ የእማዬ ገመድ ተበጠሰ ብዬ አላምንም። እኛ ገመዱን በጣታችን እንነካለን፤ እሷ መልሕቁ ካለበት ደርሳለች። ያን ማታ ልልዎት የሚገባኝ ይህን ነበር።

ለዓይንዎ ሞራ ቀጠሮ አስይዣለሁ፤ ከበዓሉ በኋላ መጥቼ ይዤዎት እሄዳለሁ። እምቢ እንዳይሉኝ። ታንኳዋ በስብሳ ብትጣልም ድንጋዩ ደጃፍ ላይ እንዳለ አይቻለሁ፤ ለማንም አይስጡት። ስመጣ ገመዱ የሚታሰርበትን ቋጠሮ ያሳዩኛል። ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እጄ ግን አልያዘውም።

ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር